የአይጥ ሐኪሙ እናት

እናታችን ምድጃው ጥግ ተቀምጣ እጇን እያሞቀች፣ ታናሽ እህቴ እየሩስ ስለ እሷ እንደሌለ ሰው ታወራለች። «በጎቹ ዛሬ ይሸጣሉ፣ ገብሱን ጥሩሸዋ ትረከባለች፣ ቤቱ ይቆለፋል፣ እሷ ነገ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ትገባለች፤ አለቀ።» «እሷ» የተባለችው እማዬ ጌታነሽ ናት፤ የቤቱም የበጎቹም የገብሱም ባለቤት። ጥሩሸዋ የተባልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጇ። ይህን በሰው ቤት ባየው ኖሮ ጉድ ብዬ ለአገር ለምድሩ ባወራሁት ነበር፤ በገዛ ቤታችን ሲሆን ግን በሶዬን እየበጠበጥኩ ዝም አልኩ። ወንድማችን ኃይለመስቀልም ዝም አለ፤ ለነገሩ እሱ ዝምታ ልማዱ ነው። እማዬ ብቻ ቀና ብላ፣ «ማነው የሚሄደው?» አለች። እየሩስ ሻንጣውን ከፍታ የእማዬን ጋቢ ማጣጠፍ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ የምትኖረው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ አባታችን በገዛ እጁ ድንጋይ ፈልጦ በሠራው ቤት ነው። ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ ለብሷል እንጂ ግድግዳው ያው የጥንቱ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ደጁን ነጭ ሲያለብሰው ውስጡ ይሞቃል። እኔ ከተማ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ብቅ ብዬ እጠይቃታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ገበያው ይውጠኛል። እየሩስም የምትደውለው ጠዋት ነው፣ ወደ ሥራ ስትሄድ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ። እና ከመስቀል ወዲህ ሁለታችንም ያየነው አንድ ነገር ነው፤ እማዬ ፈዘዘች። ጠዋት ስደርስ እሳቱን ሳታነድ ኩርምት ብላ አገኛታለሁ። እኔን በሞተችው አክስታችን ስም ትጠራኛለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ገና ሳይነጋጋ፣ በዚያ ውርጭ፣ ያለ ነጠላ፣ የታጨደ የገብስ ማሳ መሐል ቆማ መንገዱ ጠፍቷት፣ ጎረቤቷ ዘነበች እጇን ይዛ ወደ ቤት መለሰቻት። ይህን ሰምታ ነው እየሩስ ፈቃድ ወስዳ፣ ኃይለመስቀልንም አስከትላ የበረረችው።

እየሩስ ክፋት የላትም። ችኩል ናት እንጂ ለእናቷ ነፍሷን ትሰጣለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም አላት፤ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፣ በረንዳው ፀሐይ አያጣም፣ ቴሌቪዥኑ ቅዳሴ ያስተላልፋል እያለች ከትናንት ጀምሮ ስታግባባን ቆይታለች። እማዬ ግን ድሮ በጤናዋ ጊዜ እዚያ ቤት ሄዳ ሳምንት ሳትደፍን ተመልሳለች። «ሰው በሰው ራስ ላይ የሚተኛበት አገር ነው፤ ሬሳ እንኳ የሚወርድበት ደረጃው ጠባብ ነው» ነበር ያለችኝ። ምኞቷ አንድ ነው፤ እዚሁ በራሷ ደጅ ኖራ እዚሁ ሚካኤል ደብሯ ማረፍ። አሁን ከዚህ ከወጣች እንደማትመለስ እኔም አውቃለሁ፣ እየሩስም ታውቃለች፤ ይህን ደፍሮ የተናገረ ግን የለም። ሁላችንም አፋችንን በበሶ ሞልተን ፍርዱን ለኃይለመስቀል ተውነው። የአእምሮ ተመራማሪ እሱ ነዋ!

ወንድሜ ዶክተር ነው፤ መርፌ የሚወጋው ግን ሰው አይደለም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ቤልጅግ ድረስ ሄዶ፣ ስምንት ዓመት ተምሮ፣ ጺሙ ሸብቶ ሲመለስ አገሩ በሙሉ ደስ አለው። ወገቡን ያመመው፣ ዓይኑን የጋረደው ሁሉ ደጃችን ተሰለፈ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ የማጠናው በአይጥ ላይ ነው።» በሽተኛው ሁሉ ጋቢውን እያጣፋ ወደየቤቱ ገባ። መንዝ ያን ሰሞን የሚስቅበት አላጣም፤ ድመት በነጻ የምትሠራውን ሥራ ለመማር ባሕር ማዶ ተሻገረ አሉት። እኔም አልማርኩትም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ወስዶኝ ያየሁትን ለደንበኞቼ ስተርክ ከረምኩ። አይጥ ዋና ያስተምራል! ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይለቃታል፣ ውሃው ሥር የተደበቀች አንዲት መቆሚያ አለች፣ አይጧ ዋኝታ ፈልጋ ትወጣባታለች፤ በማግስቱ መልሶ ይለቃትና መቆሚያዋ የት እንደነበረች ታስታውስ እንደሆነ ያያል። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ያመጣል። አዎ፣ የአይጥም ሽማግሌ አለው፤ ጠጉሩ የሳሳ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ። ሰው በየቤቱ የሚውጠውን ተራ መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣቸውና የትኛው መንገድ እንደሚያጠፋባቸው ይመረምራል። ለወጣት ፈውስ የሆነው ለሽማግሌ መርዝ ሊሆን ይችላል፣ እኔ የምፈልገው ድንበሩን ነው ይላል። ሃያ ስንት ዓመት ይህንኑ ሠራ። ጽሑፉ በፈረንጅ መጽሔት ይወጣል ይባላል፤ አንብቦ የነገረን ሰው ግን የለም። እማዬ ብቻ አንድም ቀን «አይጥ» ብላ አታውቅም። ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም፣ ልጄ የሽማግሌ ራስ ነው የሚያክመው ትላለች፤ ላርማት ስል በክርኗ ትጎሽመኛለች።

በሶው እንዳለቀ ኃይለመስቀል በርጩማውን ወደ እማዬ አስጠግቶ ጥያቄውን ጀመረ። እማዬ በነቢያት ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስም፤ ጾሙን በስም የያዝነው እኛ ነን። ዓመቱን ጠየቃት፤ ፈገግ ብላ «አንተ ታውቀው የለ» አለችው። ወሩን ጠየቃት፤ ጥቅምት አለች። ሦስት ነገር ልንገርሽና ቆይቼ እጠይቅሻለሁ አላትና ማረሻ፣ ዶሮ፣ ድልድይ አለ። ደገመችለት። ስለ አዝመራው ትንሽ አጫውቷት መልሶ ሲጠይቃት፣ «ስለ ምኑ?» አለች። ይሁን፣ የፈረንጅ ጥያቄ ነው ብዬ ልቤን አጽናናሁ። መጨረሻ ላይ ግን ቀኑን ሲጠይቃት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ብዙ ቆየችና «አቦ» አለች። ዕለቱ ሚካኤል ነው። የገዛ ደብሯ ታቦት፣ በየወሩ ዳቦ ደፍታ ደጀ ሰላም የምትወስድለት! ዓመተ ምሕረቱን መንግሥት ይቁጠረው፤ የመንዝ ሴት ሚካኤልን ከረሳች ምን ቀራት? እየሩስ ሻንጣው ላይ ዘንበል ብላ የእማዬን መቀነት ጠቀለለች። ኃይለመስቀል የእማዬን እጅ ይዞ ቆየና ተነሥቶ ወጣ።

ተከትዬው ስወጣ የድንጋይ አጥሩን ተደግፎ የጓሳውን የሣር ሜዳ እያየ ነው። ነገሩ በሽታ እንደሚመስለው፣ እርጅና የሚያመጣው የመርሳት በሽታ እንደሚባል፣ መድኃኒት የለውም ባይባልም ያለው እንደማያድን ቀስ ብሎ ነገረኝ። የእየሩስ ሐሳብ ክፉ አይደለም፣ ብቻዋን እዚህ መተው አይቻልም አለኝ። እኔ ደግሞ ሲከፋኝ አፌ ይሰላል፤ አይጥ ላይ ያን ሁሉ ዘመን ስትንከላወስ ለእናትህ የሚሆን አንድ ነገር አላገኘህም ወይ አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም፤ «እኔም እሱን ነው የማስበው» አለኝ። ዞሬ ዓይኑን ሳይ እንባ ሞልቶታል። ምላሴን በቆረጠው። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ግን በቤታችን ይህ በቃል አይነገርም፣ ስለዚህ ነጠላዬን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለትና ገባሁ።

ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ቤቱን በታተንነው። እየሩስ ገብሱን በጆንያ አስሞላችኝ። ድስቱን፣ ጀሪካኑን፣ የአባታችንን የበግ ጠጉር ዝተት ይህ ለአንቺ ይህ ለእሱ እያለች ስታከፋፍል፣ ሰው በቁሙ ሲወረስ እንዲህ ነው ብዬ ውስጤ ተቃጠለ። እማዬ ጥግ ሆና ትመለከተናለች። አንድ ጊዜ ብቻ ድስቱን ከእጄ ተቀበለችና በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ መልሳ ሰጠችኝ። እንግዶች መስለናት ይሆናል ብዬ ወደ ጓዳ ዞርኩ። ስመለስ ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር፤ እማዬ ከጥጓ ተነሥታ ደጅ ወጥታለች። የት ሄደች ብዬ ስደነግጥ በረት ውስጥ ድምፅዋን ሰማሁ፣ የምታዜመውን ነገር አልለየሁትም። ልቤ አላመነም እንጂ ያኔውኑ ልነቃ በተገባኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ግድም የበግ ነጋዴው ፈንታ መጣ። አይሱዙውን ጥርጊያው መንገድ ላይ አቁሞ፣ አለንጋውን በብብቱ ሸጉጦ፣ «ቤቶች» እያለ ገባ። ገና ሲቃረብ አዲስ አበባ በግ እሳት ነው፤ ሰባቱንም ባንዴ እንደሚወስድ በስልክ ከእየሩስ ጋር ተነጋግሯል። ጀርባቸውን እየዳበሰ፣ ላታቸውን እየመዘነ፣ ከስተዋል፣ ዘንድሮ ድርቆሽ አላገኙም እያለ አጣጣላቸውና ለሁሉም ስልሳ ሺህ ብር ቆረጠ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እየሩስ የቢሮ ሰው ናት፣ ስለ በግ የምታውቀው ጥብሱን ነው። ይሁን ብላ እጇን ልትዘረጋ ስትል ከበረቱ በር ላይ፣

«ፈንታ፣ በሚካኤል ቀን በግ ልትገዛብኝ መጣህ?» የሚል ድምፅ መጣ።

እማዬ ናት፤ መቋሚያዋን ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች። ፈንታ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ እማማ እንደምን ዋሉ፣ ልጆችዎ ጠርተውኝ ነው እንጂ እኔ ምን ቆርጦኝ አለ። እሷ አልሰማችውም፤ በጎቹ መሐል ገባች። ይቺ ሁለት ወር ያልሞላት እርጉዝ ናት፣ ያችኛዋ ደግሞ ዛሬ ነገ የምትወልድ ናት፤ ለገና የሚያርዳት ክርስቲያን ሆዷን ሲከፍት የሚረግመው አንተን ነው እኔን አለችው። ከዚያ ጥቁሯን በግ በመቋሚያዋ ነካ አድርጋ ወደ እኛ ዞረች። «ይቺ የዘነበች ናት፣ በርቢ ነው የያዝኳት። ግልገሏን እንጂ እሷን የምሸጥበት አፍ የለኝም። በእርጅናዬ ሌባ ልታሰኙኝ ነው?» እኔ በየጠዋቱ እየመጣሁ በጉ የሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። በዚህም አላበቃች፤ ባለፈው ፋሲካ ሁለት ጠቦት ስትወስድ ገመዴን ይዘህብኝ ሄደሃል፣ እመልሳለሁ ብለህ ነበር አለችው። ፈንታ ሳቁ መጣና ጭንቅላቱን እያከከ ወደ መኪናው ሄዶ ሁለት ገመድ አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። በመጨረሻ የሸጠችለት ሙክቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ዐሥራ ስድስት ሺህ ብላ ወይ ፍንክች። ፈንታ ሲከፍል፣ «እናታችሁ ታማለች ብላችሁኝ አልነበር? እንዲህ የታመመ ሰውስ አይግጠመኝ» ብሎኝ ሄደ።

እየሩስ አፏን ይዛ ቀረች። ኃይለመስቀል ግን አጥሩ ጋ ቆሞ እማዬን ሲያያት፣ በሬ እንደጠፋበት ሰው ቅንድቡን ሰብስቧል። ቀስ ብሎ መጣና፣ አንቺ እማዬን ስንት ሰዓት ነው የምታዪያት አለኝ። ጠዋት አልኩት። እየሩስንም ጠየቀ፤ ጠዋት ነው የምደውለው አለች። «ከሰዓት በኋላ የሚያያት ማነው?» ከአጥሩ ማዶ ዘነበችን ጠራኋት። ዘነበች የእማዬ እኩያ ናት፣ እንዝርቷን እያሾረች መጣች። ከሰዓትማ ጌታነሽ መቼ ምን ሆና ታውቃለች፣ እኔን ሳይቀር በነገር ትጥለኛለች፣ ጠዋት ጠዋት ነው እንጂ የሚጫጫናት፤ ብርዱ ነው መሰለኝ ሰሞኑን እኔንም እንዲያው ጠዋት ጠዋት ያፈዘኛል አለችን።

ያን ጊዜ ወንድሜ ማሰቡን በድምፅ ጀመረ። የእርጅና መርሳት ሲመሽ ነው የሚብሰው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ሰውዬው ግራ ይጋባል፤ የእማዬ ግን ተገልብጧል፣ ጠዋት ከብዶ እየዋለ ይቀላል። ጾም ነው እንዳይባል፣ ጾመኛ ሰው ሲውል ይደክመዋል እንጂ አይበረታም። አንድ ነገር ማታ ይገባባታል፣ ቀን ሲውል ይወጣላታል። «አይጦቹም ማታ ሰጥቻቸው ጠዋት ነው መቆሚያዋ የምትጠፋባቸው» አለ። ሃያ ስንት ዓመት የሳቅኩበት ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን አቆመው። የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጥኩ።

ወደ ቤት ገብተን፣ ኃይለመስቀል፣ እማዬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት የምትወስጂው ነገር አለ ወይ አላት። እንዴት አይኖርም አለች። ከፍልሰታ ጀምሮ ገላዋን ሲበላት፣ ሌሊት ሲያሳክካት መክረሙን፣ እየሩስ ለእንቁጣጣሽ ስትመጣ አንድ ፌስታል ሙሉ ኪኒን ይዛላት መምጣቷን፣ እሱን እየዋጠች እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቷን ተረከችልን። ሣጥኗን ከፍታ በፌስታል የታሰረ ኪኒን አወጣች። ኃይለመስቀል ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ አነበበና ዓይኑን ጨፈነ። ለማሳከክም ለጉንፋንም ሰው ያለ ማዘዣ የሚገዛው ተራ ነገር ነው፤ ማታ ማታ አንዲት እንዲወሰድ በላዩ ተጽፏል፣ እየሩስም ለእማዬ ይህንኑ ነግራት ነበር። ስንት ነው የምትውጪው ብሎ ጠየቃት። እማዬ ሦስት ጣቷን አነሣች።

«አንድማ እንዴት ይዋጣል?» አለች፣ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው። «በስመ አብ ብዬ አንድ፣ ወወልድ ብዬ አንድ፣ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ አንድ። ጠበሉንስ ሦስቴ አይደል የምንጎነጨው? በአብ ስም ብቻ ብውጠው የቀሩትን ማስቀየም አይሆንም?»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እየሩስም ልትስቅ ብላ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት፤ ኪኒኑን የገዛችው እሷ ናትና። ኃይለመስቀል ግን አልሳቀም፣ ከእማዬ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሊያስረዳት የሄደበትን መንገድ ሳየው ደግሞ ገረመኝ፤ የልጅነት የድቁና ትምህርቱ ትዝ ብሎት ይሆናል። አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ካልሽ በኋላ መጨረሻው ምንድን ነው ሲላት፣ አሐዱ አምላክ አለች። «ይኸውልሽ፣ ሦስትም አንድም ናቸው። ስለዚህ አንድ ብቻ ቢሆንም ማንም አይቀየምም» አላት። እማዬ አሰበችበት። ጥሩ ተናገርክ፣ የአባትህን ገንዘብ በከንቱ አልበላህም አለችና ከፌስታሉ አንድ ኪኒን አውጥታ ያዘች። አይ፣ ላንቺስ አንድም አይሆንም፣ በዕድሜሽ አንዷም ታፈዛለች ብሎ እጇን ያዘው።

«አንድ አምላክ ብለህ ሁለቱን ወሰድክብኝ፤ አሁን ደግሞ አንዱንም ልትነሣኝ ነው? ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው የተማርከው?»

ዘነበች እንዝርቷን ጥላ ሳቀች፤ እኔ ወገቤን ያዝኩ። ቤልጅግ ድረስ የሄደን ዶክተር በሁለት ቃል የምትረታን ሴት አእምሮዋ ሄዷል ብሎ አራተኛ ፎቅ የሚያወጣት ማነው? ወደ እየሩስ ዞር ስል ዓይናችን ተገጣጠመ፣ ሁለታችንም ያው ነገር እንዳሰብን ገባኝ። ከዚያ ኃይለመስቀል ክርክሩን ትቶ እውነቱን ነገራት። ጠዋት ጠዋት የሚያደነዝዝሽ፣ ሚካኤልን ያስረሳሽ፣ ማሳ መሐል ያቆመሽ ይህ ኪኒን ይመስለኛል፤ ሁሉም በሱ ነው ብዬ አልምልም፣ ሁለት ሳምንት ሳትውጪው እንየው፤ ግን ሽማግሌ አይጦች ላይ ያን ሁሉ ዓመት ያየሁት ይህንኑ ነው አላት። እማዬ ማሳውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ ለካ ለእሷ እስካሁን የነገራት አልነበረም። ነጠላዋን አስተካከለች። ስትናገር ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር፣ ቁጣ የለበትም።

«ያን ሁሉ ዓመት ስታውቀው፣ ለእናትህ ሳትነግራት?»

ያን ሁሉ ለፈረንጅ ጽፏል፣ በፈረንጅ አዳራሽ ቆሞ ተናግሯል፣ ተጨብጭቦለታል፤ በዓመት ሁለቴ ሲመጣ ግን ዳቦ በልቶ፣ ጠላ ጠጥቶ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ ይሄዳል። እኛም ብንሆን እንዲናገር መቼ ፋታ ሰጠነው? አይጥ ባለ ቁጥር ስቀን ነው አፉን የምናስዘጋው። አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብዬ፣ ለመሆኑ አይጦቹ ምን ሆኑ ብዬው ቢሆን ኖሮ! ኃይለመስቀል እማዬ ጉልበት ላይ ግንባሩን አስደገፈና፣ «አጥፍቻለሁ እማዬ» አለ። እሷም ሽበቱን ዳበሰችው። በል ተወው፣ ከእንግዲህ ትናገራለህ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቆመህ ለሰዉ ሁሉ በእኛው ቋንቋ ትነግራለህ አለችው። እሺ አላት። ቀጥላም፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ለአገሩ አሮጊት ግማሹን ኪኒን ማካፈሏን ነገረችን። ፈውስ ለብቻ አይበላም፤ ለዘነበች ሰጥታለች፣ ከታች ላለችው ለአመተሥላሴም ሰጥታለች። ዘነበች እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስንት ነው የምትውጪው ብሎ ኃይለመስቀል ሲጮህባት፣ ጌታነሽ እንዳስተማረችኝ ነዋ አለች።

ጀምበር ሳትጠልቅ ወንድሜና እኔ የመንደሩን ኪኒን ልንሰበስብ ወጣን። አሮጊቶቹ ከጉያቸው፣ ከቅል ውስጥ፣ ከመስቀላቸው ክር ላይ ከታሰረ ጨርቅ እየፈቱ ሰጡን። ሲሰጡንም ቅር እያላቸው ነው፤ አመተሥላሴማ በምትኩ ሌላ ካላመጣህ አልሰጥህም ብላ ደጇ ላይ አስቆመችው። እሱም በየቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ እያለ፣ በየተራ፣ ያለ አንድ የፈረንጅ ቃል አስረዳቸው። አንዷ አሮጊት ስለ አይጦቹ ዋና ደግመህ ንገረኝ አለችው፤ ሳትስቅ አዳመጠችው። በመንገድ ስንመለስ ፊቱ እንደ ሠርገኛ በርቷል። ነገ ከእየሩስ ጋር አብሬ አዲስ አበባ ልመለስ ነበር፣ ግን እስከ እሁድ እቆያለሁ አለኝ። እኔም ሱቄን ነገ አልከፍትም አልኩ፤ ደስ ሲለኝ ገበያ አይታየኝም።

ስንገባ ሻንጣው ባዶውን አልጋ ሥር ገብቷል። ጋቢው ቦታው ተሰቅሏል፣ ድስቱም ምድጃው ላይ ሽሮ ያፈላል። እየሩስ ገና አላረፈችም፤ እናቴን ያደነዘዝኳት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ መርዝ ያበላኋት እያለች አፍንጫዋን በነጠላ ትጠርጋለች። እማዬ ትንሽ ታገሠቻት፣ ከዚያ ሰለቻት።

«በቃ፣ ዝም በይ» አለቻት። «ኪኒኑ ከቀረ እከኩ መመለሱ አይቀርም፣ የሚያክክልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እኔን ልትወስጂ አልነበር ፈቃድ የጠየቅሽው? ፈቃድሽ እስኪያልቅ እዚሁ ትቆያለሽ።»

እየሩስ እንባዋን ጠርጋ ከእማዬ ኋላ ተንበረከከችና እጇን በእናቷ ቀሚስ አንገት ሰደደች። ከልጅነታችን ጀምሮ ከእናታችን ጋር እንደዚያ ተቀራርባ ያየኋት አይመስለኝም። እማዬ ዓይኗን ጨፍና፣ ዝቅ በይ፣ ወደ ግራ፣ አሁን ከፍ እያለች መራቻት።

«እሰይ፣ እዚያ ላይ» አለች። «ኪኒኑ አንድም ቀን እዚያ አልደረሰም።»